አንድ በግ፣ ሦስት ገበታ

ሰላም ለናንተ ይሁን። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ጓዝ ስለበዛበት መልሱም ረዝሟል። ዓምዱን ገና ዛሬ ለምታነቡ፦ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ 26 ዓመት ድግስ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ድስት ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አያት ኮንዶሚኒየም የምኖር ባለትዳር ነኝ። የባለቤቴ እህት ከነልጇ ከአሜሪካ ትመጣለች። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ እራት ልንጋብዛቸው ነው። ልጁ 9 ዓመቱ ነው። ሲሊያክ የሚባል ሕመም አለበት፤ ስንዴና ገብስ ፍርፋሪ እንኳ አይነካም። አማቴ የነቢያትን ጾም ይዘዋል፣ ዓሣም አይቀምሱም። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባና ሚስቱ ሙስሊሞች ናቸው። አጎታችን ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ከአሜሪካ ለመጣ ሰው ሽሮ ልናቀርብ ነው? በግ ይታረድ› ብሎ ድርቅ ብሏል። በጠቅላላ 11 ሰው ነን። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላብስል?» የጨነቃት ምራት

መልስ፦ አብሽሪ የኔ ዓለም። ከዚህ የባሰ አይቻለሁ።

መጀመሪያ በጉን እናሳርፈው። ክርስቲያን ካረደው ባልደረባውና ሚስቱ አይበሉም። ሙስሊም ካረደው አጎትሽ ላይበሉ ይችላሉ። ማንም ይረደው ማን፣ አማትሽ ጾም ናቸው። እንግዲህ ቁጠሪ፤ አንድ በግ ገበታሽን ለሦስት ከፈለው። ያውም ሁለት ማንደጃ ባላት ምድጃ፣ ሁለት ሰው በማያስተላልፍ ኩሽና ውስጥ።

ደሴ ልጅ ሳለሁ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ። እናቴ ለእነሱ ብቻ የምታወጣው ድስት፣ ጭልፋና ሰሃን ነበራት። ከሌላው እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስርበታለች። ድግስ ሲኖረን በጉን በቁሙ ትሰጣቸዋለች። እነሱ ያርዳሉ፣ እነሱ ይሠራሉ፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠው ይበላሉ። የኛ ወጥ በወዲህ፣ የነሱ በወዲያ። ቡናው ግን አንድ ነበር። ሰፊ ግቢና ብዙ እጅ ስላለ ያምር ነበር። አንቺ ያለሽ ሳሎን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ገበታው በሙሉ የጾም ይሁን፤ እንጀራው በሙሉ ንጹሕ ጤፍ ይሁን። ለአማትሽ አንድ ጥግ፣ ለልጁ ሌላ ጥግ አታበጂ። ብዙ የተከለከለው ሰው የሚበላውን ሁሉም ይብላ። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ጥቅል ጎመን በድንች፣ አዚፋ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ። ሽሮዋን በሸክላ ድስት እየተንተከተከች መጨረሻ ላይ አምጫት። እዚህ ውስጥ አማትሽ የማይበሉት የለም። ሙስሊሞቹ የሚጠረጥሩት ሥጋ የለም። ልጁም ስንዴ አያገኝም። በርበሬ ይችል እንደሆነ አላውቅም፤ ለዚያ አልጫው አለለት።

ባልሽ «የሚታኘክ ነገር ይኑር» ካለ ዓሣ ጥበሺለት። ዓሣ ማን አረደው የሚባል ጣጣ የለበትም፤ ሁለቱም ወገን ይበላዋል። አማትሽ ስለማይቀምሱ ግን የራሱ መጥበሻ፣ የራሱ ዘይት፣ የራሱ ሳህን ይኑረው፤ ገበታው ጫፍ ላይም ይቀመጥ። ስትጠብሺው ደግሞ የስንዴ ዱቄት አታልብሺው። የበቆሎ ዱቄት ይሆናል። ስንዴ የነካው ነገር የተጠበሰበትን ዘይትም ለልጁ አትጠቀሚ።

አሁን ወደ እንጀራው። ልጁን የሚያሳምመው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። እዚህ ላይ አገራችን ለዚያ ልጅ ተመችታዋለች። ገበያ ላይ «ንጹሕ ጤፍ» የሚባለውን ግን አትመኚው። ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ ሞልቷል፤ ሻጯም ክፉ ሆና ሳይሆን ጤፍ ስለተወደደባት ነው። ራስሽ ጋግሪ።

ጤፉን እህሉን ገዝተሽ አበጥሪ። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበትን ወፍጮ ጠይቂ። ከፊትሽ ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ የሱ ዱቄት ወፍጮው ውስጥ ቀርቷል፤ ካንቺ ጋር ነው የሚወጣው። እርሾውንም አትርሺ። የቤትሽ እርሾ ካለፈው ቡሆ የተረፈ ነው። ያለፈው ቡሆ ገብስ ከነበረበት አዲሱም ነካክቶታል። የጤፍ ዱቄትና ውኃ ብቻ በጥብጠሽ ሦስት አራት ቀን አቆዪው፣ ራሱ ይኮመጥጣል። አብሲቱም ከዚያው ከጤፉ ይሁን። ምጣዱን በደንብ አጽድተሽ ጋግሪ። ሰፌድና ሞሰብ ደግሞ በስፌቱ መሀል ስንት ዘመን የከረመ ፍርፋሪ ይይዛል። አዲስ ከሌለሽ ንጹሕ ትሪ ላይ አውጪው።

ያን ቀን ዳቦ የሚባል ነገር ቤትሽ አይግባ። አማትሽ ድፎ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ለምን አጠበቅሽው ትዪኛለሽ። ጉርሻ ስላለ ነዋ! አያት የልጅ ልጇን ከስንት ዓመት በኋላ አግኝታ አታጉርሺ ልትያት ነው? አይሆንም። ዳቦ የቆረሰ እጅ ግን አጉርሶ ልጁን ሊያሳምመው ይችላል። ቤቱ ውስጥ ስንዴ ከሌለ እንደልባቸው ያጉርሱት። ብቻውን ሳህን ይዞ ጥግ ከሚቀመጥ ይሄ አይሻልም? «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ልጁ ይህን ተረት በራሱ ላይ እንዲማረው አልፈልግም። እናቱን ግን ደውለሽ አማክሪያት። ወፍጮውንም፣ እርሾውንም፣ ቅመሙንም ንገሪያት። እሷ «አልተማመንም» ካለችሽ አትቀየሚ። ሩዝና የተቀቀለ ድንች ይዘጋጅለት፣ በቃ።

ስለ ጭልፋ አንድ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ሰኔ ውስጥ ነው፣ የምርቃት ድግስ። የሐዋርያት ጾም ስለነበር ለጾመኞች ለብቻ ሠርቻለሁ። ግርግሩ ሲበዛ አብራኝ የምትሠራው ልጅ የዶሮውን ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ከተተችው። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ግን ካየሁ በኋላ ሽሮው ለአንዲት እናት ደርሷል። ሄጄ ነገርኳቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ውኃ ጠይቀው ታጠቡ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማግስቱን ንስሐ አባታቸው ዘንድ እንደሄዱ ሰማሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የእናቴን ክር ተመልሼ ይዣለሁ። ነጭ ክር የጾም፣ ቀይ ክር ቅቤ የነካው። ላንቺ አንድ ብቻ ይበቃሻል፤ የዓሣው መጥበሻና ጭልፋ ላይ እሰሪ።

የሚያሳስበኝ ከምግቡ ይልቅ አጎትሽ ናቸው። ለሳቸው ዋናው ሰዓቱ ነው። እኛ ሀበሾች 12 ሰዓት ብለን ጠርተን 2 ሰዓት ተኩል ላይ እጅ እናስታጥባለን። አንድ ቤት እንዲህ ሆነ። የክብር እንግዳው መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቀረ። «እሱ ሳይመጣ አይቀርብም» ተባለ። አንድ ስኳር ያለባቸው አባት መርፌያቸውን ቀደም ብለው ወግተው ነበርና ያልባቸው፣ ይንቀጠቀጡ፣ የማይያያዝ ነገር ያወሩ ጀመር። ሰው ጠጥተው የመጡ መስሎት ሳቀ። ስኳራቸው ወርዶ ኖሯል። እህታቸው ናት የገባት። እንዲህ ሲሆን 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መስጠት ነው፤ ስኳር የሌለውን ለስላሳ አይደለም። በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው መድገም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ስለዚህ አጎትሽን «መርፌዎን በስንት ሰዓት ነው የሚወጉት?» ብለሽ ጠይቂ። በነገሩሽ ሰዓት ሳህናቸው ይቅረብ። ሌላው እንግዳ ይምጣ አይምጣ፣ ጸሎት ይደረስ አይደረስ። «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚል ሰው ካለ አትስሚው። እንጀራ እንጀራ ነው፣ ስኳር ይጨምራል። ስንት እንደሚበሉ እሳቸው ያውቁታል። ምስሩንና ጎመኑን አብዢላቸው፤ «አንድ ጨምሩ እንጂ» አትበያቸው።

መጠጥ ላይ ሳቅሽ ይመጣል። ጠጅና ጠላ ለሙስሊሞቹ አይሆንም። ጠላና ቢራ ገብስ ስላለበት ለልጁ እጅ ቅርብ አይቀመጥ። ቀሪቦ አልኮል የለውም ትዪ ይሆናል፤ ከተቆላ ገብስ ነው የሚሠራው። ብርዝ እናድርግ ካልሽ ደግሞ ማር ነው፣ አጎትሽ አሉ። በቃ ውኃ በሎሚ ቅጂ፣ ብርዝ ለፈለገ ይኑር። አዋዜ የምታቀርቢ ከሆነ በአረቄ ወይም በጠጅ ያልተለወሰ ይሁን። የተዘጋጀ ከገዛሽ በምን እንደተለወሰ ሳትጠይቂ አታውጪው። ለቡናው ቁርስ ፈንድሻ አድርጊ። ቆሎ ገብስ ነው፣ ዳቦ ቆሎም ስንዴ። ስኳሩን ለየብቻ በሳህን አስቀምጪ፤ ራሳቸው ይጨምሩ።

ስልክ ስትደውዪ ደግሞ «የማትበሉት ነገር አለ?» አትበይ። ይሉኝታ ያለበት ሰው «ኧረ ምንም፣ ያገኘነውን እንበላለን» ነው የሚልሽ። ከዚያ መጥቶ ሰላጣ እየነካካ ያመሻል። ይልቅ የምታደርጊውን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪ፦ «ሥጋ የለም፣ ሁሉም የጾም ነው፣ ዓሣ ለብቻ አለ፣ ይመቻችኋል?» በዪ። የባልደረባውን ሚስት አነጋግሪያት፤ ባልየው «ይመቸናል» ብሎ ስልኩን ይዘጋዋል።

ባልሽን እንዲህ በይው፤ እህትህ እስከ ገና ከቆየች በጉ የትም አይሄድም። የገና ዕለት አማትሽም ይፈስካሉ። ያን ቀን አርዶ ጥብሱን ራሱ ይጥበስ። ቅዳሜ ማታ ግን እህቱ ሱፍ ፍትፍት አፏ ውስጥ ሲገባ ፊቷን እይ ብለሽ አስቀምጪው። በነገራችን ላይ የሱፉን ውኃ በጥሩ ጨርቅ አጥልዪው፤ ገለባው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ «የአዳማ ነዋሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 54። ሪህ ይዞኛል። ሐኪሙ ቀይ ሥጋ ቀንስ፣ ዱለትና ቢራ ጨርሶ ተው ብሎኛል። ግብዣ ላይ ግን ‹በሞቴ› ሲሉኝ እሸነፋለሁ። በማግስቱ አውራ ጣቴ አብጦ ጫማ አይገባልኝም። ሰው ሳላስቀይም እንዴት እምቢ ልበል?» ነጠላ ጫማ ለባሹ

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ልናዘዝ። እኔ ራሴ በሞቴ ባይ ነኝ። ስንቱን አሳምሜ ይሆናል። ስለዚህ የጠላትን ምስጢር ከራሱ ከጠላት እየሰሙ ነው።

«ጠግቤያለሁ» አይሠራም። እኛ ጆሮ ውስጥ ሲገባ «ትንሽ ለምኑኝ» ሆኖ ነው የሚገባው። «ሐኪም ከልክሎኛል» ቢሉ ክርክር ይከፈትብዎታል፤ አንዱ ተነስቶ «አያቴ ጥሬ ሥጋ እየበላ መቶ ዓመት ኖረ» ይላል። ከኔ ጋር የሚሠራው አንድ ቃል ነው፦ «መድኃኒት ላይ ነኝ።» ከመድኃኒት ጋር የሚከራከር ሀበሻ እስካሁን አልገጠመኝም። የሪህ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ እውነትዎን ነው። «ጠበል ላይ ነኝ» የሚሉም አሉ፣ እሱም ይሠራል። ጠበል ላይ ሳይሆኑ ግን እንዲህ ብለው አይናገሩ፤ ደስ አይለኝም።

ሌላው ዘዴ ቀድሞ መድረስ ነው። ከአጉራሽዎ በፊት እርስዎ ያጉርሱ። ግራ ቀኝዎን፣ ባለቤቷን፣ ልጆቹን። እጅዎ ሥራ ላይ ሲሆን «ጋሼ ምን ያህል ተጫወቱ» ይባላል እንጂ አፍዎን የሚያይ የለም። ሳህንዎንም ባዶ አያድርጉ። ባዶ ሳህን ይሞላል። አንድ ጥግ ጎመን ሁልጊዜ ትኑር፣ ቀስ ብለው ይቆንጥሯት።

ከሁሉም ግን ቀን ላይ መደወል ይሻላል። ለጋባዡ ለወንድየው አይደውሉ፤ ለምታበስለዋ ይደውሉ። «እህቴ፣ ሪህ ይዞኛልና ዱለቱን ከፊቴ አታድርጊብኝ» ቢሏት ማታ ላይ በሞቴ ባዮችን የምታባርርልዎት እሷ ራሷ ናት። እኔ እንዲህ ተደውሎልኝ ለአንድ ሰው ሹሮ ፍትፍት ለብቻ ሠርቼ፣ ሌሎቹ እንግዶች ቀንተው ድስቱን ጨርሰውበታል። እንደዚያ እንዳይሆንብዎት «ድስቱን ትንሽ ተለቅ አድርጊው» ይበሏት።

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው። የ4 ዓመት ልጄ ለውዝ ሲነካ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ጎረቤት ቡና ስንጠራራ ቆሎው ውስጥ ለውዝ አለ። ከልጄ ጋር ቤቴን ዘግቼ ልቀመጥ?» ቡና የናፈቃት

መልስ፦ አትዘጊ። ግን ይሄ ከላይ እንዳለው ልጅ አይደለም። ያኛውን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፣ ያንቺን በደቂቃ ነው። ሐኪሙ የሰጠሽ መርፌ ወይም መድኃኒት ካለ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ ትንፋሹ ካጠረው «እስኪ ትንሽ እንየው» የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ጎረቤቶችሽን ሰብስበሽ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። «አይስማማውም» አትበይ፤ አይስማማውም ሲባል ሆድ ቁርጠት ይመስላቸዋል። «ትንፋሹን ይዘጋዋል» በዪ። ለውዙን ከቆሎው መልቀም አይበቃም። ዱቄቱና ቅባቱ ገብሱ ላይ ቀርቷል። የለውዝ ሻይ የጠጡበት ብርጭቆም ሳይታጠብ ለልጁ ውኃ አይቀዳበትም። ልጆች ደግሞ ከኪሳቸው አውጥተው ይካፈላሉ፤ ያንን ለልጆቹም መንገር አለብሽ፣ ከትልልቆቹ ይልቅ እነሱ ያስታውሳሉ።

በየተራ ስትጠራሩ የቡና ቁርሱን አንቺ ያዢ። ማንም እምቢ አይልሽም፣ ወጪ ቀነስሽላቸው። ፈንድሻውን ቆሎ በሚቆላበት ብረት ምጣድ ሳይሆን በራስሽ ድስት አፈንጂ። ሲደርስ ጎድጓዳ ሳህኑን ለልጅሽ ስጪውና እሱ እየዞረ ያድል።